የሚያፈስ ቤትና የቤተ ሰብ ጤና
በሐይቅ ዳርና በነፋሻ ቦታ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች



ክረምት ሲገባ ዝናቡ ለገበሬው በረከት ነው፤ ቤቱ ለሚያፈስበት ሰው ግን ጭንቅ ነው። ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ እናት ከመኝታዋ ተነሥታ ልጇን ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ታዛውራለች፤ ድስቱን፥ ገበቴውንና ቅሉን ሁሉ ከጠብታው ሥር ትደቅናለች። ሲነጋ ዝናቡ ያባራል፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ነገሩ ይረሳል። «ምን ይደረግ፥ ክረምት ነው፤ ያልፋል» ይባላል። እኛም በየመንደሩ ስንዞር ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ክረምቱስ በርግጥ ያልፋል። ነገር ግን በግድግዳው፥ በመኝታውና በእህሉ ውስጥ የቀረው እርጥበት ከክረምቱ ጋር አብሮ አያልፍም።

በዚህ ጽሑፍ ቤት የሚያፈስበት ምክንያት እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ፥ በመንደር ውስጥ በሚገኝ ዕቃ እንዴት እንደሚጠገን፥ ቤቱም ካፈሰሰ በኋላ የቤተ ሰቡ ጤና እንዴት እንደሚጠበቅ እንገልጻለን። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ነው። የጣና ውሃ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፋት ስላለው በላዩ የሚነፍሰውን ነፋስ የሚገታ ዛፍም ኮረብታም የለም። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ከላይ ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ በነፋስ እየተገፋ በጎን መጥቶ ግድግዳውንና በሩን ይመታል። ይህ ወጨፎ የምንለው ነው። ሐይቅ ዳር ያልሆናችሁም ቤታችሁ በገደል አፋፍ ወይም በሜዳ ላይ ከሆነ ችግሩ ያው ስለ ሆነ ምክሩ ለእናንተም ነው።

አንድ ቤት እንዳየነው

ባንድ ክረምት ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ መንደር ወደ አንድ የሣር ክዳን ቤት ገባን። ሕፃኑ ዓመት ያለፈው ነው፤ በአጎዛ ላይ ተኝቶ ያስላል። እናቱ እንጀራ ትጋግራለች፤ ጢሱ ቤቱን ሞልቶታል። አያቱ ከመደብ ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፥ ሕፃኑ ማሳል የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ኧረ ልጆቼ፥ ሐምሌ ከገባ ወዲህ አንድ ሌሊት ዕረፍት የለውም። ጠብታው ልክ ከራሱ በላይ ነው። ብናዛውረው እዚያም ይከተለዋል» አሉን።

«ታዲያ ክዳኑን ለምን አላስጠገናችሁትም?»

«ሣር እኮ የሚታጨደው ከኅዳር ወዲያ ነው። አባቱም አዝመራው ይግባ ይላል። እስከዚያው ድስት እንደቅናለና፥ ምን እናድርግ!»

አጎዛውን ስናነሣው ሥሩ ርሶ ሻግቷል። የሕፃኑን ደረት ገልጠን ትንፋሹን ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ብንቆጥር ከ40 በላይ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ስለ ጣራው ከመናገራችን በፊት እናቱን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ላክናት። መድኃኒቱንም ጀመረ።

በማግሥቱ ጣራውን ለመጠገን ተመለስን። እዚህ ላይ ስሕተታችንን አንደብቅም። ጠብታው ከመኝታው በላይ ስለ ሆነ እኛም ከመኝታው በላይ ያለውን ክዳን ገልጠን ጥሩ አድርገን ሣር አስገባንበት። በዚያው ሌሊት ዘነበ፤ ቤቱም እንደ ቀድሞው አፈሰሰ። በሦስተኛው ቀን ከውስጥ ሆነን እያንዳንዱን እንጨት በእጃችን ብንዳስስ ምሰሶው ከላይ ጀምሮ ርሷል። ውሃው የሚገባው ከጣራው ጫፍ ላይ ከተደፋው ከጉልላቱ ሥር ነበር። ከዚያ በምሰሶው ወርዶ፥ በማገሩ ላይ ሄዶ፥ ከመኝታው በላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል።

ይህን ለአያቲቱ ብንነግራቸው፥ «ጉልላቱ ከተሰነጠቀ እኮ ሁለተኛ ክረምቱ ነው፤ ማን ጠየቀኝ!» አሉን። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ለመጠገን ስንገባ አስቀድመን የቤቱን ሰዎች እንጠይቃለን።

እርጥብ ቤት የሚያመጣው ጉዳት

የደረት ሕመም የሚመጣው በዓይን ከማይታዩ ተሕዋስያን ነው እንጂ ከዝናብ ጠብታ ብቻ አይደለም። ነገር ግን እርጥበት ለሕመም መንገድ ይጠርጋል። ይኸውም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ በርጥብ ግድግዳና በርጥብ መኝታ ላይ ሻጋታ ይበቅላል። ከሻጋታው እንደ ዱቄት የላመ ነገር እየተነሣ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ይገባል። ሳል ያስነሣል፤ አስም ያለበትን ሰው ያፍነዋል።

2ኛ፤ ቤቱ ካፈሰሰ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወደ ደረቀው ጥግ ይሰበሰባል፤ እሳትም አብዝቶ ያነዳል። በጢስ ውስጥ ተጨናንቆ መተኛት ሳልን ካንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፋል። ልብስ ሳይታጠብና ፀሐይ ሳይመታው ሲቀርም ቅማል ይራባል። ባገራችን በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት በክረምት የሚበረታው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

3ኛ፤ ውሃ የነካው እህል ይሻግታል። አንዳንዱ ሻጋታ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ አለው። ይህ መርዝ በመቀቀልም በመጋገርም አይጠፋም። የሻገተ እህል ታጥቦና ተፈጭቶ ለሰው አይበላም፤ ለዶሮና ለከብትም አይሰጥም።

4ኛ፤ ከጣራው የወረደው ውሃ በቤቱ ዙሪያ ሲቋጠር የወባ ትንኝ ትፈለፈልበታለች። እንቁላሏ አድጎ የምትበር ትንኝ እስክትሆን ድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃል። በጣና ዙሪያ ወባ የሚበረታው ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም ጀምሮ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

5ኛ፤ የራሰ ግድግዳ ይላላል። ምሰሶና ማገር ይበሰብሳሉ፤ እርጥበቱን ተከትሎም ምስጥ ይገባል። ቤቱ አንድ ሌሊት በተኙ ሰዎች ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ውሃው የሚገባበትን ቦታ ማግኘት

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ይህ ነው። ውሃ በገባበት ቦታ አይወርድም፤ እንጨት ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ጠብታው ካለበት ቦታ ጀምራችሁ ሁልጊዜ ወደ ላይ፥ ወደ ጣራው አናት አቅጣጫ ፈልጉ።

ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ ጠብታው የሚወድቅበትን ቦታ በወለሉ ላይ፥ የራሰውንም እንጨት በከሰል ምልክት አድርጉበት። ልጆች ዓይናቸው ንቁ ስለ ሆነ ይህን ሥራ ለነሱ ስጡ። ዝናቡ ባባራ ጊዜ ፀሐይ ወጥታ ሳለች በሩን ዝጉና ከውስጥ ሆናችሁ ወደ ጣራው ተመልከቱ። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ውሃም ያስገባል። በሣር ክዳን ቤት በዚያ ቀዳዳ ቀጭን እንጨት ወደ ውጭ ብትሰዱበት ውጭ ያለው ሰው ቦታውን በቀላሉ ያገኘዋል።

በዚህም ካልተገኘ ቤቱ የቆርቆሮ ከሆነ አንድ ሰው በመሰላል ሆኖ በማሰሮ ውሃ ያፍስስ፤ ሌላው ከውስጥ ይመልከት። ውሃ ማፍሰስ የሚጀመረው ከጣራው ከታችኛው ጠርዝ ነው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይኬዳል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ጣራውን ሁሉ ስለሚያዳርስ ቀዳዳው የትኛው እንደ ሆነ መለየት አይቻልም።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። አንዲት እናት፥ «ቆርቆሮዬ አዲስ ነው፤ ቀዳዳ የለውም፤ ግን ያፈሳል» አለችን። «መቼ መቼ ያፈሳል?» ብንላት፥ «ሲነጋጋ ነው፤ ባልዘነበም ጊዜ» አለች። ይህ ፍሳሽ አይደለም፤ የቆርቆሮው ላብ ነው። በሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፤ የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆንና ይንጠባጠባል። የድስት ክዳን ሲነሣ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ዓይነት ማለት ነው። የዚህ መድኃኒቱ ሬንጅ መቀባት ሳይሆን በግድግዳው ላይኛ ጫፍ በሁለት ወገን የአየር መውጫ መክፈትና፥ ከተቻለ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ማድረግ ነው። መውጫው ለጢሱም ይጠቅማል።

የሣር ክዳን ጥገና

የሣር ክዳን በደንብ ከተሠራ ጥሩ ክዳን ነው። ሙቀትም ብርድም አያስገባም። ውሃ የሚያሳልፈው ሦስት ነገር ሲጎድለው ነው፤ ይኸውም ተዳፋቱ ሲያንስ፥ ሣሩ ሲሳሳ፥ ጉልላቱ ሲላላ ነው።

ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ውሃው በሣሩ ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ አዲስ ቤት ስትሠሩ ጣራው ከፍ ያለ ይሁን። በተሠራው ቤት ደግሞ የጎደጎደ፥ አረንጓዴ ሽበት ያወጣ ወይም ወፍና አይጥ የቆፈሩት ቦታ እንዳለ ተመልከቱ። የበሰበሰውን ሣር ነቅላችሁ ጣሉ። ከዚያ በላይ ያለውን ደህናውን ሣር ቀስ ብላችሁ ቀና አድርጉና አዲሱን እስር ከሥሩ አስገቡ። ሥራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። የላይኛው ሁልጊዜ የታችኛውን እንደ ዶሮ ላባ ይደርበዋል እንጂ የታችኛው በላይኛው ላይ አይወጣም።

ሣሩ ሰንበሌጥ ቢሆን መልካም ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ በደረቀ ጊዜ ታጭዶ፥ ቅጠላ ቅጠሉ ተራግፎ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ ተቆልሎ ይቀመጥ። ለክረምት የሚያስፈልጋችሁን ጥቂት እስር ከምድጃው ርቆ በደረቅ ቦታ ብታቆዩ እንደ እነዚያ ቤተ ሰቦች «ሣር የለም» ብላችሁ ክረምቱን ሙሉ ድስት አትደቅኑም።

ጉልላቱን በያመቱ ተመልከቱ። የሣሩ ጫፍ ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። የተሰነጠቀ ከሆነ በሌላ ማሰሮ ይለወጥ፤ ደህና ከሆነ ደግሞ ነፋስ እንዳያነቃንቀው ሥሩ በሣር እንደ ገና ይታሰር።

በቀዳዳው ላይ ላስቲክ ማልበስ ለጥቂት ቀን ይረዳል፤ ለዘለቄታው ግን አይሆንም። ፀሐይ ያደርቀውና ይቀደዳል፤ ከሥሩም ሣሩ መተንፈሻ አጥቶ ይበሰብሳል። ወደ ምድጃው ወርዶ እሳት ቢነካው ደግሞ ጢሱ መርዛም ነው፤ ነበልባሉም ለሣሩ ይተርፋል።

የቆርቆሮ ጥገና

ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በሚስማሩ ቀዳዳ ነው። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ በሸለቆው ውስጥ አይደለም፤ ምክንያቱም ውሃው የሚፈሰው በሸለቆው ነው። በሸለቆው የተመታ ሚስማር ካገኛችሁ ንቀሉትና ቀዳዳውን ድፈኑ። ቀን በፀሐይ መለጠጥ፥ ማታ በብርድ መኮማተር፥ በሐይቁ ነፋስ መነቅነቅ ሚስማሩን እያላላው ይሄዳል። የላላውን ሚስማር መልሶ መምታት ብቻ አይበቃም፤ አውጥታችሁ ወፈር ያለ ሚስማር ከራሱ ሥር ክብ ጎማ አግብታችሁ ምቱት። ጎማው ካሮጌ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ተቆርጦ ሊዘጋጅ ይችላል።

ሁለት ቆርቆሮ በሚገናኙበት ቦታ በጎን በኩል አንዱ ሌላውን ቢያንስ በአንድ ተኩል ሞገድ፥ ነፋስ በሚበዛበት ቦታ በሁለት ሞገድ ይደርበው። የላይኛው የታችኛውን የሚደርብበት ደግሞ ከ15 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ጣራው ዝቅ ያለ ከሆነ 20 ይሁን። የመደረቢያው አፍ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ዞር ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ ወጨፎው አፉን ከፍቶ ይገባል።

ትንሽ ቀዳዳ ሲሆን ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ወይም በሻካራ ድንጋይ ጥረጉና ቆርቆሮው በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ሬንጅ ቀቡ፤ በላዩ ወፈር ያለ ጨርቅ ለጥፉ፤ እንደ ገና ሬንጅ ድገሙበት። በርጥብ ቆርቆሮ ላይ የተቀባ ሬንጅ አይይዝም። ሬንጅ የሚቀልጠው ከቤት ውጭ፥ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ነው፤ የፈላ ሬንጅ ሥጋ ላይ ከተጣበቀ ከባድ ቃጠሎ ያደርሳል። ቀዳዳው ከእጅ መዳፍ የሰፋ ከሆነ ቍራጭ ቆርቆሮ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር አስገብታችሁ በታችኛው ላይ አሳርፉና ምቱት።

ነፋስ እንዳይወስደው ብለን በቆርቆሮ ላይ ድንጋይ መጫን ልማድ አለን። ድንጋዩ ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀውን ሽፋን ይፍቀዋል፤ ቅጠልና አፈርም ሥሩ ተከማችቶ እርጥበት ይይዛል፤ በነፋስ ጊዜም በሰው ላይ ይወድቃል። ይልቅ ቆርቆሮውን በሚስማር፥ ማገሩን ከወራጁ ጋር በሽቦ አጥብቆ ማሰር ይሻላል።

ስለ ጨው ባሕር ዳር ቤት ጥቂት ቃል

ከዘመዶቻችሁ መካከል ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ዓረብ አገር ሄዶ የሚሠራ ካለ፥ «እዚያ ብረት ቶሎ ይበላል» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው። የጣና ውሃ ጨው የለበትም፤ የቀይ ባሕርና የሌላው ባሕር ውሃ ግን ጨው ነው። ነፋሱ ጨዉን እንደ ጉም አድርጎ በቤቱ ላይ ይረጨዋል። ጨው እርጥበት እየሳበ የቆርቆሮውን ሽፋን ስለሚበላው ዝገቱ ይፋጠናል። በሲሚንቶ ቤትም ጨው ወደ ውስጥ ሲሰርግ በውስጡ ያለው ብረት ይዝግና ያብጣል፤ ሲያብጥም ሲሚንቶውን ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁም ዝናብ ይገባል። ስለዚህ በዚያ አገር ስንጥቁን ከላይ መለሰን ብቻ ዋጋ የለውም። ዝገቱ እስከሚታይበት ድረስ ተከፍቶ፥ ብረቱ ተፍቆ፥ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ ነው የሚደፈነው። ሲሚንቶም በባሕር ውሃ ወይም ባልታጠበ የባሕር ዳር አሸዋ ከቶ አይቦካም። እኛ በሐይቅ ዳር ያለን ሰዎች ከጨዉ ድነናል፤ ነፋሱና ወጨፎው ግን ለኛም አልቀረልንም።

ግድግዳውና የቤቱ ዙሪያ

ጣራው ደህና ሆኖ ግድግዳው ብቻ ከራሰ ወጨፎ ነው ማለት ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ወጣ ብሎ እንዲያጠላበት ማድረግ ነው፤ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ቢሆን መልካም ነው። በሐይቁ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ከቀርከሃ ወይም ከሸምበቆ የተሠራ ከለላ ማቆም ይቻላል።

የተሰነጠቀውን ምርጊት ከመለቅለቅ በፊት ስንጥቁን በሹል እንጨት ከፈት አድርጉና የላላውን አራግፉ። በውሃ ረጠብ አድርጋችሁ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለብዙ ቀን በቆየ ጭቃ ድፈኑት። ጭዱ በደንብ ሲብላላ ጭቃው ይያያዛል፤ በደረቀም ጊዜ ብዙ አይሰነጠቅም። የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ሁለተኛ ቀጭን ምርጊት ይደገማል፤ በመጨረሻ በእበትና በደቃቅ አፈር ይለቀለቃል። እበት የነካ እጅ ምግብ ከመንካቱና ሕፃን ከማጥባቱ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ጥንካሬ የሚጨምር ይመስላል፤ ነገር ግን ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አይሄዱም። ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ከኋላው ጭቃውን ያፈርሰዋል። አቅም ካለ ኖራ ይሻላል።

ከጣራው የሚወርደው ጠፈጠፍ መሬቱን እየመታ ጭቃውን በግድግዳው ግርጌ ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ የግድግዳው ግርጌ እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ ቢሆን መልካም ነው፤ ካልሆነም ጠፈጠፉ በሚወድቅበት ቦታ ጠጠር ይበተን። በቤቱ ዙሪያ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ያህል ርቆ ቦይ ይቆፈር፤ ጎርፍ በሚመጣበት በላይኛው ወገን ጠለቅ ይበል። ቦዩን ከግድግዳው ሥር አስጠግቶ መቆፈር መሠረቱን ያናጋል። ውሃው ወደ ምንጭ፥ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ወደ ጎረቤት ቤት እንዳይሄድ ተጠንቀቁ። የናንተን ጎርፍ ለጎረቤት መስደድ ችግሩን ማዛወር ነው እንጂ ማስወገድ አይደለም።

ከንጹሕ ቆርቆሮ በአሸንዳ የሚወርደውን ውሃ በበርሜል መያዝ ይቻላል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ጠርጎ ይሂድ። በርሜሉ ትንኝ እንዳትገባ በደንብ ይከደን። ለመጠጥ ሲሆን ይፈላ። ከሣር ክዳን ወይም ሬንጅ ከተቀባ ቆርቆሮ የወረደ ውሃ ግን ለመጠጥ አይሁን።

ካፈሰሰ በኋላ ምን ይደረግ?

ቀዳዳው ተደፈነ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የራሰው ነገር ሁሉ መድረቅ አለበት። አጎዛው፥ ሰሌኑ፥ ጋቢውና ልብሱ በመጀመሪያው ፀሐይ ውጭ ይሰጣ፤ አንዱ ፊት ሲደርቅ ይገልበጥ። መስኮትና በር ይከፈት። መኝታው ከራሰው ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ በወለል ላይ ሳይሆን በመደብ ወይም ባልጋ ላይ ይሁን። ጎተራው ከመሬት አንድ ስንዝር በድንጋይ ከፍ ይበል፤ ከግድግዳም ይራቅ።

የሻገተውን ምርጊት ከመፋቃችሁ በፊት አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች ከቤት ይውጡ። የሻገተ እንጨትና ዕቃ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ይድረቅ። በሻጋታው ላይ ሳይደርቅ መለቅለቅ ወይም ቀለም መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ እንደ መጠቅለል ነው።

መብራት የገባላችሁ ቤተ ሰቦች ውሃ በሽቦ ወይም በማብሪያው አጠገብ ሲወርድ ካያችሁ አትንኩት፤ ቆጣሪው ዘንድ ያለውን ማጥፊያ በደረቅ እጅ አጥፍታችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ጣራ ላይ መውጣትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዝናብ ጊዜ ቆርቆሮ ያንሸራትታል፤ ነጐድጓድ በሚሰማበት ጊዜ ደግሞ ከቶ አይወጣም። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር። የሚረገጠው ወራጅ ባለበት ላይ ነው። «ቶሎ ልመለስ» ብሎ ወጥቶ እግሩን ሰብሮ የቀረ አባወራ አይተናል፤ አዝመራውን ሌላ ሰው ሰበሰበለት።

ሕፃን ሲያስል ምልክቱን እወቁ

ሕፃኑ ሲረጋጋ ደረቱን ገልጣችሁ ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን 60 ወይም ከዚያ በላይ፥ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50 ወይም ከዚያ በላይ፥ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ በፍጥነት መተንፈስ ይባላል። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ከጎደጎደ፥ መጥባት ካቃተው፥ ያንቀጠቀጠው ወይም ያፈዘዘው እንደ ሆነ ከዚህ የባሰ ነው። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ዝናቡ እስኪያባራ፥ ገበያ እስኪደርስ አትጠብቁ። ሕፃኑን በደረቅ ልብስ ጠቅልላችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሌሊት የደከመ ሕፃን ንጋትን ላያይ ይችላል።

እንግዲህ ባጭሩ

1ኛ፤ የግንቦት ልደታ ካለፈ በኋላ ጣራችሁን፥ ጉልላታችሁን፥ ሚስማሩንና ቦዩን ተመልከቱ። ጥገናው ከሰኔ ሚካኤል በፊት ይለቅ።

2ኛ፤ ጠብታውን ሳይሆን ውሃው የገባበትን ቦታ ፈልጉ፤ ከጠብታው ወደ ላይ ሂዱ።

3ኛ፤ ክዳን ከታች ወደ ላይ ይሠራል፤ የላይኛው የታችኛውን ይደርባል።

4ኛ፤ የራሰ መኝታ ላይ ሕፃን አይተኛ። የሻገተ እህል አይበላ።

5ኛ፤ ቦዩ ውሃውን ያሳልፍ እንጂ አይቋጥር።

ክዳን ያንድ ሰው ሥራ አይደለም። ባሏ የሞተባት ሴትና አቅመ ደካማ ሽማግሌ ብቻቸውን ጣራ ላይ ሊወጡ አይችሉም። ባገራችን ለእርሻና ለአጨዳ ደቦ እንደምንወጣ፥ በግንቦት አንድ ቀን ለክዳን ደቦ ብንወጣ በመንደሩ ውስጥ የሚያፈስ ቤት አይኖርም። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና።

ያ ሕፃን ድኗል። በተከታዩ ክረምት ብናልፍ አዲስ ጉልላት ተደፍቶ አየን፤ ድስቱም በጉልቻው ላይ ነበር። አያቲቱ በር ላይ ተቀምጠው፥ «ዘንድሮ ድስቱ ለወጥ ብቻ ሆኗል፤ ግቡና ቅመሱ» አሉን።